በባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ላይ ሞተር ሲጠፋና እሳት ሲነሳ፦ ለአብራሪ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን አንድ ሞተሩ ሲጠፋ የሚያጣው የኃይሉን ግማሽ ነው፤ ከፍታ የመጨመር አቅሙ ግን በግማሽ ብቻ አይቀንስም። አውሮፕላን ወደ ላይ የሚወጣው ከፍታውን ጠብቆ ለመብረር ከሚያስፈልገው ኃይል ተርፎ በሚቀረው ብቻ ነው። አንዱ ሞተር ሲጠፋ ቀሪው አብዛኛውን ጉልበቱን አውሮፕላኑን በአየር ላይ ለማቆየት ስለሚያውለው፣ ከመውጣት አቅሙ ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ይጠፋል። በሁለት ሞተር በደቂቃ 1,400 ጫማ የሚወጣ አውሮፕላን በአንዱ 200 ጫማ ብቻ ቢወጣ የሚያስገርም አይደለም፤ ይህም የሚሆነው የጠፋው ሞተር ፕሮፔለር ፌዘር ከተደረገ (ስለቶቹ በጠርዛቸው ከነፋሱ ፊት ቆመው መሽከርከሩ ከቆመ)፣ ጎማው ከተሰበሰበና ፍጥነቱ በትክክል ከተጠበቀ ነው።

ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው የአሜሪካ የምስክር ወረቀት ደንብ ራሱ ይህን ተቀብሎታል። ክብደታቸው ከ6,000 ፓውንድ የማይበልጥና የማረፊያ ስቶል ፍጥነታቸው (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቆምበት ፍጥነት) ከ61 ኖት ያላለፈ ባለ ሁለት ፒስተን ሞተር አውሮፕላኖች በአንድ ሞተር ከፍታ መጨመር መቻላቸውን እንዲያረጋግጡ አልተገደዱም ነበር። በአንድ ሞተር የሚኖራቸው የመውጣት መጠን በመመሪያ መጽሐፋቸው ላይ ይጻፋል እንጂ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ እንዲሆን ግዴታ አልነበረም። ስለዚህ ሁለተኛው ሞተር አለኝ ብሎ መዝናናት አይገባም። ሁለተኛው ሞተር የሚሰጠው ምርጫ ነው፤ ምርጫው የሚጠቅመውም ፍጥነቱን ለጠበቀና ሥራውን በቅደም ተከተል ለሠራ ብቻ ነው።

የሞተር መጥፋትና እሳት ብዙ ጊዜ በአንድ ምዕራፍ ቢጻፉም ከአብራሪው የሚጠይቁት የተለያየ ነው። ሞተር ሲጠፋ ትልቁ አደጋ የአብራሪው ጥድፊያ ነው፤ እሳት ሲነሳ ደግሞ ትልቁ አደጋ ማመንታቱ ነው። ከዚህ በታች የተቀመጠው ቅደም ተከተል አጠቃላይ ነው፤ የሚበሩት አውሮፕላን የራሱ መመሪያ መጽሐፍ ከዚህ የተለየ ነገር ካዘዘ ተፈጻሚ የሚሆነው የመጽሐፉ ትእዛዝ ነው።

ከመነሳት በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ፍጥነቶች

በፍጥነት መለኪያው ላይ ለአንድ ሞተር በረራ የተቀመጡ ሁለት መስመሮች አሉ። ቀዩ መስመር ቪኤምሲ የሚባለው ሲሆን፣ አንዱ ሞተር ጠፍቶ ሌላው በሙሉ ኃይል ሲሠራ አውሮፕላኑን በራደር (በጅራቱ ላይ ባለው ቋሚ መሪ) ቀጥ አድርጎ መያዝ የሚቻልበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። ሰማያዊው መስመር በአንድ ሞተር የተሻለ የመውጣት መጠን የሚገኝበት፣ መውጣት ካልተቻለም ቁልቁለቱ በጣም ዝግ የሚልበት ፍጥነት ነው። ለምሳሌ በፓይፐር ሴሚኖል ቀዩ መስመር በ56 ኖት፣ ሰማያዊው በ88 ኖት ላይ ይገኛል።

ቀዩ መስመር ቋሚ ቁጥር አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። ቁጥሩ የሚለካው በባሕር ወለል ከፍታ፣ በመደበኛ የአየር ሁኔታ፣ የስበት ማዕከሉ ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ የጠፋው ሞተር ፕሮፔለር በነፋስ እየተሽከረከረና ክንፉ ወደሚሠራው ሞተር ከ5 ዲግሪ ሳይበልጥ አዘንብሎ ነው። አብራሪው ክንፉን ደልዳላ አድርጎ ከያዘ፣ በአንዳንድ አውሮፕላኖች ከ5 ዲግሪው ለጎደለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ቪኤምሲ ከ3 ኖት በላይ ከፍ ሊል ይችላል። በመለኪያው ላይ የተቀባው መስመር ይህን አያሳይም።

ሌላም ወጥመድ አለ። ቱርቦቻርጀር የሌላቸው ሞተሮች ከፍ ባለ ቁጥር ኃይላቸው ስለሚደክም አፍንጫውን ወደ ጎን የሚገፋው ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቪኤምሲ ከከፍታ ጋር ይወርዳል። በመለኪያው ላይ የሚነበበው የስቶል ፍጥነት ግን ባለበት ይቆያል። ሁለቱ ፍጥነቶች በሚገናኙበት ከፍታ ላይ አውሮፕላኑ ወደ ጎን እየዞረ ሳለ ስቶል ሊያደርግ ይችላል፤ ይህ ደግሞ በቀጥታ ወደ ስፒን (እየተሽከረከሩ መውደቅ) የሚወስድ ነው፤ ከስፒን መውጣት እንዲችሉ ተፈትነው የተረጋገጡ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች ደግሞ እምብዛም አይገኙም።

ሁለቱም ፕሮፔለሮች ከአብራሪው ወንበር ሲታዩ ወደ ቀኝ የሚዞሩ ከሆነ የግራው ሞተር መጥፋት ይከፋል፤ የቀኙ ሞተር ግፊት ከአውሮፕላኑ መሐል ይበልጥ ርቆ ስለሚያርፍ አፍንጫውን ወደ ግራ የሚገፋው ጉልበት ይበረታል። እንደ ሴሚኖልና ሴኔካ ያሉት ፕሮፔለሮቻቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩ ይህ ልዩነት የለባቸውም።

በማኮብኮቢያው ላይ የሚወሰን ውሳኔ

ሞተር ከጠፋ በኋላ መወሰን ዘግይቷል። ኃይል ከመስጠትዎ በፊት ሦስቱን ሁኔታዎች ድምፅዎን አውጥተው ይናገሩ፤ ብቻዎን ቢሆኑም እንኳ ይናገሩ።

አንደኛ፣ ጎማው ከመሬት ሳይነሳ ሞተር ከጠፋ ሁለቱንም ስሮትል (የሞተር ኃይል ማንሻ) ወዲያውኑ ይዝጉና ይቁሙ። አንዱ ስሮትል ብቻ ከተዘጋ፣ ወይም ሁለቱን ለመዝጋት ሁለት ሰከንድ ከዘገየ፣ የሚሠራው ሞተር አውሮፕላኑን ከማኮብኮቢያው ጎትቶ ያወጣዋል።

ሁለተኛ፣ አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ጎማው ገና ያልተሰበሰበ ከሆነ ሁለቱንም ስሮትል ዘግተው ከፊት ለፊት ባለው ማኮብኮቢያ ወይም ከዚያ አልፎ ባለው ሜዳ ላይ ያሳርፉ። ጎማውን ቶሎ ማንሳት ብዙ አብራሪዎች እንደ ቅልጥፍና የሚያዩት ነገር ነው፤ ሊያርፉበት የሚበቃ ማኮብኮቢያ ገና ከፊት ካለ ግን ጎማውን መሰብሰብ ምርጫን አስቀድሞ መጣል ነው።

ሦስተኛ፣ ጎማው ተሰብስቦ ፍጥነቱ ሰማያዊው መስመር ላይ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና በዕለቱ ሙቀት፣ ክብደትና የመሬት ከፍታ አውሮፕላኑ በአንድ ሞተር መውጣት እንደሚችል አስቀድሞ ከሠንጠረዡ ከተረጋገጠ፣ መውጣት ይቀጥላል። ሠንጠረዡ አይወጣም ካለ አውሮፕላኑ አይወጣም፤ በዚያ ቀን ያለዎት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ነው ብለው ያስቡና እንደዚያው ከፊት ለፊት ለማረፍ ይዘጋጁ። ክንፉ ደልዳላ ሆኖ፣ ቁጥጥር ሳይጠፋ ሜዳ ላይ ማረፍ ከቀዩ መስመር በታች ወርዶ ከመገልበጥ እጅግ የተሻለ ነው።

ሞተሩ ሲጠፋ

የመጀመሪያው እርምጃ አውሮፕላኑን መያዝ ነው። በመነሳት ላይ አፍንጫው ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ሞተሩ ሲጠፋ ፍጥነቱ በፍጥነት ይወርዳል፤ ስለዚህ አፍንጫውን ወዲያውኑ ዝቅ ያድርጉና ሰማያዊውን መስመር ይያዙ። በዚያው ቅጽበት አፍንጫው ከሚዞርበት በተቃራኒ ያለውን የራደር ፔዳል እስኪቆም ድረስ ይጫኑ፤ ክንፉንም ወደሚሠራው ሞተር ጥቂት ያዘንብሉ። በዚህ ጊዜ የትኛው ሞተር እንደጠፋ ማወቅ ገና አያስፈልግም፤ እግርዎ የሚያስፈልገውን እየሠራ ነው።

ፍጥነቱ ወደ ቀዩ መስመር ወርዶ ራደር እስከ መጨረሻው ተጭኖ አፍንጫው አሁንም የሚዞር ከሆነ፣ መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፦ የሚሠራውን ሞተር ኃይል መቀነስና አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ። መሬት ቀርቦ ሳለ ያለን ብቸኛ ኃይል መቀነስ ለእጅ በጣም ይከብዳል። ሆኖም ያ ኃይል ነው አውሮፕላኑን እየገለበጠ ያለው።

ሁለተኛው እርምጃ ያለውን ኃይል ሁሉ ማግኘት ነው። ሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ድብልቅ ማንሻ)፣ ፕሮፔለር፣ ስሮትል፤ ሁሉንም ማንሻዎች በሁለቱም በኩል ወደ ፊት ይግፉ። የጠፋውን ሞተር ማንሻም አብሮ መግፋት ትርፍ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ሰከንድ መምረጥ ስሕተትን ይጋብዛል። ከዚያም ፍላፕ (የክንፉ ተዘርጊ የኋላ ክፍል) ይሰብሰብ፣ ጎማ ይሰብሰብ።

ሦስተኛው እርምጃ የጠፋውን ሞተር መለየት ነው። አውሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ ለመያዝ የማይጫን፣ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ እግር በየትኛው በኩል ነው? የጠፋው ሞተር በዚያ በኩል ነው። ይህ ዘዴ የልጅ ጨዋታ ቢመስልም ከመለኪያዎቹ ይበልጥ የታመነ ነው፤ ምክንያቱም የጠፋ ሞተር መለኪያ የሞተ አይመስልም። ፕሮፔለሩ በነፋስ እየተገፋ መሽከርከሩን ስለሚቀጥልና ገቨርነሩ (የፕሮፔለሩን ዙር የሚቆጣጠረው ክፍል) ስለቶቹን እያስተካከለ ዙሩን ለመጠበቅ ስለሚሞክር፣ የዙር መለኪያው ከሚሠራው ሞተር ብዙም የማይለይ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ስሮትሉ ክፍት ስለሆነም የማኒፎልድ ፕሬዠር (ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ግፊት) መለኪያው የውጭውን አየር ግፊት ያህል ያነባል፤ ይህም በሙሉ ኃይል ላይ ካለ ሞተር ንባብ ጋር ይቀራረባል። የጭስ ማውጫ ሙቀትና የነዳጅ ፍሰት መለኪያዎች እውነቱን የበለጠ ያሳያሉ፤ እግር ግን ከሁሉም ቀድሞ ያውቃል።

አራተኛው እርምጃ ማረጋገጥ ነው። ጠፍቷል ያሉትን ሞተር ስሮትል ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይሳቡት። የእግርዎ ጫና ካልተለወጠ፣ አውሮፕላኑም ካልተናወጠ ምርጫዎ ትክክል ነው። ድንገት ከተናወጠ የያዙት ሕያው ሞተር ነውና መልሰው ይግፉት።

ለዚህ እርምጃ የሚከፈለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው፤ በመዝለሉ የተከፈለው ዋጋ ግን በትላልቅ አውሮፕላኖች ሳይቀር ታይቷል። በጥር 1989 በእንግሊዝ ኬግዎርዝ አጠገብ የወደቀው ቦይንግ 737 የግራ ሞተሩ ተጎድቶ ሳለ የበረራ ሠራተኞቹ የዘጉት ቀኙን ነበር፤ 47 ሰዎች ሞቱ። በየካቲት 2015 በታይፔ የተነሳው የትራንስኤዥያ ኤቲአር 72 አውሮፕላን ደግሞ የቀኙ ፕሮፔለር በራሱ ፌዘር ባደረገበት ቅጽበት ካፒቴኑ የሚሠራውን የግራ ሞተር ቀነሰው፣ በኋላም ዘጋው፤ 43 ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ። ሁለቱም አውሮፕላኖች በቀሪው ሞተር መብረር ይችሉ ነበር።

አምስተኛው እርምጃ መጠገን ወይም ፌዘር ማድረግ ነው። በቂ ከፍታ ካለ ምክንያቱን ይፈልጉ፦ የነዳጅ መምረጫው፣ የነዳጅ መጠኑ፣ ረዳት የነዳጅ ፓምፑ፣ የካርቡሬተር ማሞቂያው ወይም ተለዋጭ የአየር መግቢያው፣ ማግኔቶዎቹ (ለሞተሩ የማቀጣጠያ ብልጭታ የሚሰጡት)። ከመነሳት ወዲያው ከሆነ ግን ምክንያት ለመፈለግ ጊዜ የለም፤ በቀጥታ ፌዘር ይደረግ።

ፌዘር ማድረግ ማለት የፕሮፔለሩን ስለቶች ጫፋቸው ከነፋሱ ፊት እንዲቆም አድርጎ መሽከርከሩን ማስቆም ነው። በአብዛኞቹ ትናንሽ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች የዘይት ግፊት ስለቶቹን ወደ ዝቅተኛ ማዕዘን ሲገፋ፣ ስፕሪንግ፣ የተጨመቀ ናይትሮጅንና ክብደቶች ደግሞ ወደ ፌዘር ይስባሉ፤ ዘይቱ ሲለቀቅ ፕሮፔለሩ ራሱን ፌዘር ያደርጋል። ነገር ግን መሬት ላይ ሞተር ሲጠፋ ፕሮፔለሩ በየጊዜው ፌዘር እንዳያደርግ የሚከለክሉ ቁልፎች አሉት፤ እነዚህም ዙሩ በደቂቃ ወደ 800 ሲወርድ ይዘጋሉ። ሞተሩ እየተሰባበረ ወይም ዘይቱን እየጣለ ዙሩ የሚወርድ ከሆነ ከዚህ ቁጥር በታች ከመድረሱ በፊት የፕሮፔለር ማንሻውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ መሳብ ግድ ነው። ካለፈ ፕሮፔለሩ በነፋስ ፊት ተዘርግቶ ይቀራል፤ ያ አንድ ፕሮፔለር ብቻውን የቀረውን የመውጣት አቅም ሊበላ ይችላል።

ስድስተኛው እርምጃ የጠፋውን ሞተር መዝጋት ነው፦ ሚክስቸር ወደ መቁረጫው፣ ማግኔቶ፣ ኦልተርኔተር፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ ካውል ፍላፕ (የሞተሩ ማቀዝቀዣ አየር መውጫ ክዳን)፣ የነዳጅ መምረጫ። ይህ ሥራ ቼክሊስት ተነብቦ፣ ረጋ ተብሎ የሚሠራ ነው። የሚሠራው ሞተር ካውል ፍላፕ እንደ አስፈላጊነቱ ይከፈት፤ ሙቀቱ ይጠበቅ፤ የኤሌክትሪክ ጭነትም ለአንድ ኦልተርኔተር በሚመጥን መጠን ይቀነስ። በአንዳንድ አውሮፕላኖች የጠፋው ሞተር ሌላም ነገር ይዞ ይሄዳል፤ የቀድሞዎቹ ፓይፐር አዝቴኮች ጎማና ፍላፕ የሚያንቀሳቅሰው የሃይድሮሊክ ፓምፕ በግራው ሞተር ላይ ብቻ ስለነበር ግራው ሲጠፋ ጎማውን በእጅ ፓምፕ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ አውሮፕላኑን ያስተካክሉ። ክንፉ ወደሚሠራው ሞተር ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ያዘንብል፤ የመዞሪያ መለኪያው ኳስም ከመሐል ወደዚያው በግማሽ ያህል ይውጣ። ኳሱን መሐል ላይ ለማስቀመጥ የለመደ ዓይን ይህን አይወደውም፤ ነገር ግን በአንድ ሞተር ሲበሩ ኳሱ መሐል ላይ ሆኖ ክንፉ ደልዳላ ከሆነ አውሮፕላኑ በጎኑ እየተንሸራተተ ነው፤ በዚህም የመውጣት አቅሙን ያጣል።

በበረራ ከፍታ ላይ ሳሉ ሞተር ከጠፋና ያሉበት ከፍታ በአንድ ሞተር ከሚያዝ ጣሪያ በላይ ከሆነ አውሮፕላኑ ይወርዳል፤ ሰማያዊውን መስመር ጠብቀው ቀስ ብሎ ይውረድ እንጂ ከፍታ ለማቆየት ብለው ፍጥነት አይሠዉ።

በአንድ ሞተር ማረፍ

ማረፊያው ከመደበኛው ብዙ አይለይም፤ ልዩነቱ መልሶ ለመነሳት ያለው ዕድል ጠባብ መሆኑ ነው። ጎማውን ማረፍዎ በተረጋገጠበት ጊዜ ያውርዱ፤ ሙሉ ፍላፕ የመጨረሻው ነገር ይሁን፤ እስከዚያ ድረስ ፍጥነቱ ከሰማያዊው መስመር አይውረድ። ከመሬት 400 ጫማ በታች ከወረዱ በኋላ በአንድ ሞተር እንደገና መነሳትን ከምርጫ ያውጡት። ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ያስደነግጣሉ፦ ኃይል ሲቀንሱ አስቀድሞ የተስተካከለው የራደር ትሪም (ራደሩን በቦታው የሚይዘው ማስተካከያ) አፍንጫውን ወደ ሌላው ጎን ይገፋዋል፤ ፌዘር የተደረገው ፕሮፔለር ደግሞ የአየር ተቃውሞው አነስተኛ ስለሆነ አውሮፕላኑ ከለመዱት በላይ ርቆ ይንሳፈፋል።

እሳት

የሞተር እሳት በብዙ መንገድ ይታያል፦ ከሞተር ሽፋኑ ስንጥቆች የሚወጣ ነበልባል፣ የሚንፈቀፈቅ ቀለም፣ ጥቁር ወፍራም የዘይት ጭስ፣ ወይም የተበላሸ የሞተር አሠራር ከቤንዚን ሽታ ጋር። ትናንሽ ፒስተን አውሮፕላኖች ብዙዎቹ የእሳት ማስጠንቀቂያም ሆነ በሞተሩ ውስጥ የሚረጭ ማጥፊያ የላቸውም፤ መሣሪያው የአብራሪው ዓይን ነው።

ጊዜው ምን ያህል ነው? ከሞተሩ በስተጀርባ ያለው የእሳት መከላከያ ግድግዳ ወደ 1,093 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ነበልባልን ለ15 ደቂቃ እንዲቋቋም ይጠበቅበታል። የክንፉ አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ከዚያም በጣም ቀድሞ ጥንካሬውን ያጣል። በባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ሞተሩ የተሰቀለው በክንፉ ላይ ነው፤ ከግድግዳው በስተጀርባ ያሉት የክንፉ ዋና ተሸካሚና የነዳጅ ቋቱ ናቸው። ነበልባሉ በሽፋኑ ዙሪያ ወጥቶ ክንፉን ከላሰ የ15 ደቂቃው መለኪያ ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ጊዜው በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው ብሎ መነሳት ይሻላል።

ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ይለወጣል። ሞተር ሲጠፋ ነዳጁ የሚዘጋው በመጨረሻ ነው፤ እሳት ሲነሳ የሚዘጋው በመጀመሪያ ነው። የሚነደው ሞተር የትኛው እንደሆነ በዓይንዎ ካረጋገጡና እጅዎ ያረፈው በትክክለኛው ማንሻ ላይ መሆኑን ከተመለከቱ በኋላ እንዲህ ያድርጉ።

የዚያን ሞተር የነዳጅ መምረጫ ይዝጉ፤ ስሮትሉን ይዝጉ፤ ፕሮፔለሩን ፌዘር ያድርጉ፤ ሚክስቸሩን ይቁረጡ። ረዳት የኤሌክትሪክ ፓምፑ እየሠራ ከሆነ ያጥፉት፤ ይህ የሚረሳ ነገር ነው፤ ሞተሩ ቆሞም ፓምፑ በተቆረጠ ቱቦ ቤንዚን ሊገፋ ይችላል። ፌዘር ማድረግ እዚህ ሁለት ጥቅም አለው፦ የአየር ተቃውሞውን ይቀንሳል፤ ሞተሩ መዞሩን ሲያቆም የዘይት ፓምፑም አብሮ ስለሚቆም እሳቱን የሚመግበው ዘይት ይቋረጣል። ከዚያ ማግኔቶና ኦልተርኔተሩን ይዝጉ፤ የካቢን ማሞቂያውንና የመስታወት ማሞቂያውን ያጥፉ። ስለ ካውል ፍላፕ የአውሮፕላኑ መጽሐፍ ያዘዘውን ይከተሉ።

ነዳጁ ከተዘጋ በኋላ በቱቦው የቀረው እስኪያልቅ እሳቱ ጥቂት ሊቀጥል ይችላል። ቢጠፋም ሞተሩን እንደገና ለማስነሳት አይሞክሩ፤ እሳቱን ያስነሳው ቀዳዳ አሁንም እዚያው ነው። ከጠፋው ሞተር ቋት ነዳጅ ወደሚሠራው ሞተር ማሻገርም ቱቦው በእሳቱ አካባቢ የሚያልፍ ሊሆን ስለሚችል አይታሰብ።

መውረዱ ከመዝጋቱ ጋር አብሮ ይጀምር፤ እሳቱ ጠፋ አልጠፋ እያሉ ከፍታ ላይ መጠበቅ የተለመደ ስሕተት ነው። የሚሠራውን ሞተር ኃይል ቀንሰው፣ መጽሐፉ በሚያዘው የጎማና የፍላፕ አቀማመጥ፣ ክንፉን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አዘንብለው ይውረዱ፤ በዚያ አቀማመጥ የተፈቀደው ፍጥነት ግን አይታለፍ። ከፍ ያለ ፍጥነት አንዳንድ ጊዜ ነበልባሉን ሊያጠፋው ይችላል። ነበልባሉ ወደ ካቢኑ የሚያዘነብል ከሆነ አውሮፕላኑን ከእሳቱ በተቃራኒ አቅጣጫ በጎኑ በማንሸራተት ማራቅ ይቻላል፤ በአንድ ሞተር ላይ ሳሉ ይህ የሚደረገው ከቀዩ መስመር በላይ በበቂ ፍጥነትና ኃይሉ ተቀንሶ ሳለ ብቻ ነው።

በ121.5 ሜጋኸርዝ ወይም አብረውት በሚሠሩት ተቆጣጣሪ ሞገድ ሜይዴይ ይጥሩ፤ ትራንስፖንደሩን (ለራዳር መለያ ኮድ የሚልከውን መሣሪያ) 7700 ላይ ያድርጉ። አጭር ይበሉ፦ ማን፣ የት፣ ምን እየነደደ ነው፣ ስንት ሰው ተሳፍሯል። እሳቱ ካልጠፋ ደግሞ አሥር ደቂቃ የሚርቅ ማኮብኮቢያን ከመፈለግ በሁለት ደቂቃ የሚደረስበትን ሜዳ መምረጥ ይገባል።

ጭሱ ከሞተር ካልሆነ

የሚከረክር፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ጭስ ከኤሌክትሪክ ነው። ማስተር ስዊቹንና ኦልተርኔተሮቹን ያጥፉ፤ ማግኔቶ ያላቸው ፒስተን ሞተሮች ያለ ባትሪ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። አየር ማስገቢያዎችን እሳቱ እስኪጠፋ ይዝጉ፤ በእጅ ማጥፊያውን ይጠቀሙ፤ ከዚያ ጭሱን ለማስወጣት ይክፈቱ። ሃሎን (ጋዝ) ማጥፊያ ከዱቄቱ ይመረጣል፤ ዱቄት የአብራሪውን እይታ ይጋርዳል፣ ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃም መርዝ ነው። በእሳቱ ሰዓት የወጣ ሰርኪዩት ብሬከር መልሰው አይጫኑ። መሣሪያ ከሌለ መብረር የማይቻልበት ሁኔታ ላይ ካሉ ብቻ ሁሉንም ዕቃዎች አጥፍተው ማስተሩን ይመልሱ፤ ከዚያም አንድ በአንድ፣ እያሸተቱ ያብሩ።

ሞተራቸው በኮምፒዩተር የሚመራ እንደ ዳይመንድ ዲኤ42 ያሉ አውሮፕላኖችን የሚያበር ግን ይህን አጠቃላይ ምክር ከመከተሉ በፊት መጽሐፉን ይመልከት። በመጋቢት 2007 በጀርመን ሽፓየር አንድ ዲኤ42 ባትሪው ደክሞ ሞተሮቹ በውጭ ኤሌክትሪክ ተነስተው ከበረረ በኋላ፣ ጎማውን ሲሰበስብ ቮልቴጁ ወርዶ የሁለቱም ሞተር ኮምፒዩተሮች ዳግም ተነሱ፤ ሁለቱም ፕሮፔለሮች ፌዘር አደረጉ። ኤሌክትሪክ ለእነዚህ አውሮፕላኖች የሞተር ጉዳይ ነው።

ሌላው የሚዘነጋ ምንጭ ቤንዚን የሚያቃጥል የካቢን ማሞቂያ ነው። በብዙ ባለ ሁለት ሞተር ፒስተን አውሮፕላኖች አፍንጫ ውስጥ ተቀምጦ ነዳጁን ከክንፉ ቋት ይወስዳል። ከወለሉ ወይም ከአየር ማስገቢያው ጭስና የቤንዚን ሽታ ከመጣ መጀመሪያ ማሞቂያው ይጥፋ፤ የማሞቂያው የነዳጅ መዝጊያ ካለም ይዘጋ።

ልምምድ

ይህን ሁሉ እጅ የሚያውቀው በመደጋገም ነው። ሞተር በእውነት ዘግቶ ፌዘር ማድረግ ከመሬት ከ3,000 ጫማ በላይ ይደረግ፤ ከዚያ በታች አሠልጣኙ ስሮትል ብቻ ቀንሶ ፌዘር የተደረገ ሞተርን የሚመስል ኃይል ያስቀምጥ። ከመነሳት ወዲያው፣ መሬት አጠገብ፣ የነዳጅ መምረጫ በድንገት የሚዘጉ አሠልጣኞች አሉ፤ ይህ ድፍረት ተማሪን አያስተምርም፤ የልምምዱን አደጋ እውነተኛ አደጋ ያደርገዋል።

ከማረፍ በኋላ

እሳት ይዘው ሲያርፉ ከመሬት ከመድረስዎ በፊት የበሩን መቆለፊያ ያላቁ፤ ክፈፉ ተጣሞ በሩ እንዳይጣበቅ። በብዙ ዝቅተኛ ክንፍ ባላቸው ፓይፐሮች የፊተኛው በር በቀኝ በኩል ብቻ ስለሆነ፣ የሚነደው የቀኝ ሞተር ከሆነ ተሳፋሪዎች በየትኛው መውጫ እንደሚወጡ በቁልቁለቱ ላይ ሳሉ ይንገሯቸው። እንደቆሙ የሚሠራውን ሞተርም ያጥፉ፤ ነዳጅ፣ ማግኔቶ፣ ማስተር ሁሉም ይዘጋ፤ ፕሮፔለሩ መዞሩን እስኪያቆም ማንም በፊቱ አይለፍ። ከአውሮፕላኑ ነፋሱ በሚመጣበት አቅጣጫ በኩል ይራቁ፤ ነበልባል ባይታይም እንኳ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እስኪደርሱ የሞተሩን ሽፋን አይክፈቱ፤ የታፈነ ሙቀት ድንገት አየር ሲያገኝ እንደገና ይነዳልና።